ኖራ ማዳበሪያ አይደለም

ይህን ጽሑፍ በደጋውና በወይና ደጋው የአገራችን ክፍል ለሚሠሩ የልማት ጣቢያ ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት መሪዎች የማቀርበው፣ ስለ ኖራ አጠቃቀም አዲስ መመሪያ ለመስጠት ሳይሆን፣ እስከ ዛሬ ስንሰጥ የቆየነውን ምክር መልሰን እንድንመረምረው ለማሳሰብ ነው። በእኔ አስተያየት ኖራን ለገበሬው ያስተዋወቅነው በተሳሳተ መልክ ነው። ከማዳበሪያ ጋር በአንድ መኪና አመጣነው፤ ከማዳበሪያ ጋር በአንድ መጋዘን አከማቸነው፤ እንደ ማዳበሪያ በሄክታር ይህን ያህል ኩንታል ብለን በዘር ወቅት አከፋፈልነው። ገበሬውም እንደ ማዳበሪያ ተቀበለው፤ እንደ ማዳበሪያ በተነው፤ እንደ ማዳበሪያም በዚያው ክረምት ውጤቱን ጠበቀ። ውጤቱን ባጣ ጊዜ የፈረደው በእኛ ላይ ብቻ ሳይሆን በኖራውም ላይ ነው።

ኖራ የሚሠራው ሥራ ግን ሌላ ነው። ኖራ ቤዝ ነው፤ በአፈሩ ውስጥ የሚጠብቀው አሲድ ነው፤ ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ኃይል ያመክናል። ኖራ ካልሲየም ስለሚሰጥ በዚህ ረገድ ማዳበሪያ ነው የሚለኝ ባለሙያ ቢኖር አልከራከረውም። ነገር ግን ገበሬው ኖራን ተሸክሞ ወደ ማሳው የሚወስደው ለካልሲየሙ ሲል አይደለም።

ከአንድ የራሴ ስህተት ልነሣ። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ሥራ በጀመርሁባቸው ዓመታት፣ በምዕራቡ የአገራችን ክፍል ለሚገኝ አንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር በሄክታር 20 ኩንታል ኖራ እንዲጠቀም የሚል ምክር ጽፌ ፈርሜ ነበር። ቁጥሩን ያገኘሁት በወረዳው ውስጥ ከተነሡ ጥቂት ናሙናዎች አማካይ ውጤት ነው። ኖራው የደረሰው በሐምሌ ነው። ማኅበሩ የመኪናውን ኪራይ ከአባላቱ መዋጮ ከፈለ፤ ከመንገዱ እስከ ማሳ ያለውን ደግሞ እያንዳንዱ አባል በአህያና በራሱ ጫንቃ አጓጓዘ። ገብሱ ተዘርቶ በቅሎ ስለ ነበረ ብዙዎቹ ኖራውን በቡቃያው ላይ በተኑት። በመስከረም ገብሱ እንደ ወትሮው ቢጫ ሆነ፤ ተነቅሎ ሲታይም ሥሩ አጭርና ደንዳና ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ስብሰባ ስጠራ የመጡት አንድ አዛውንት ብቻ ናቸው። «ልጄ፣ ነጩን አፈር አምጥተህ በቀዩ አፈር ላይ አስበተንኸን፤ እኛም ተሸከምን። አሁን ባሕር ዛፍ ተክያለሁ፤ ባሕር ዛፍ ምክር አይጠይቅም» አሉኝ። የምመልሰው አልነበረኝም።

ከሁለት ዓመት በኋላ በዚያው ቀበሌ ሳልፍ፣ በአንድ ጎረቤታቸው ማሳ ጠርዝ ላይ ገብሱ ክብ ሆኖ አረንጓዴ ለብሶ፣ ከሌላው በአንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ አየሁ። ባለቤቱን ስጠይቀው ኖራው ከመበተኑ በፊት ተከምሮ የነበረበት ቦታ መሆኑን ነገረኝ። ከክምሩ የቀረው ትራፊ በሁለት ዓመት ውስጥ አምስት ስድስት ጊዜ ታርሶ ከአፈሩ ጋር ተቀላቅሏል። ኖራው የሚሠራ ኖራ ነበር፤ አፈሩም ኖራ የሚፈልግ አፈር ነበር። የጎደለው የሁለቱ መገናኘት ነው። ይህንንም ጉድለት የፈጠረው የእኔው ምክር ነው።

ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ማየት ይበጃል። አሲድ ማለት የሃይድሮጂን አዮን የሚለቅ ነገር ነው። ሎሚና አቼቶ የሚኮመጥጡት በዚህ ምክንያት ነው። ቤዝ ማለት ደግሞ ይህንኑ የሃይድሮጂን አዮን የሚቀበል ነው፤ የአመድ ውሃና ኖራ ከዚህ ወገን ናቸው። ሁለቱ በተመጣጠነ መጠን ሲገናኙ አሲዱ አሲድነቱን፣ ቤዙም ቤዝነቱን ያጣል፤ የሚቀረው ውሃና አንድ ዓይነት ጨው ነው። ጨው ስል የወጡን ጨው ብቻ ማለቴ አይደለም፤ በኬሚስትሪ ቋንቋ ከአሲድና ከቤዝ መገናኘት የሚወለድ ሁሉ ጨው ይባላል።

ይህን በስብሰባ ላይ ለማሳየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ከርከዴ በሙቅ ውሃ ዘፍዝፎ ቀዩን ውሃ በብርጭቆ መቅዳት ነው። የአመድ ውሃ ጠብ ጠብ ሲደረግበት ቀዩ ቀለም ይጠፋና ወደ ሰማያዊ፣ ሲበዛበትም ወደ አረንጓዴ ይለወጣል። ከዚያ የሎሚ ጭማቂ ሲጨመርበት ቀዩ ይመለሳል። ጠብታውን እየቆጠሩ ማድረግ ጥሩ ነው፤ ምክንያቱም ለብዙ አመድ ብዙ ሎሚ፣ ለጥቂት አመድ ጥቂት ሎሚ እንደሚያስፈልግ ተሰብሳቢው በዓይኑ ያያል። በአሲድና በቤዝ መካከል ያለው ሒሳብ መጠን ለመጠን ነው። በሄክታር ይህን ያህል ተብሎ ለሁሉም የሚታደል ኖራ ይህን ሒሳብ ይዘላል።

ወደ አፈሩ እንምጣ። በአገራችን ከሚታረሰው መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው አሲዳማ እንደሆነ በተደጋጋሚ ተገልጿል። ከነጆና ከጊምቢ ጀምሮ በሆለታ ዙሪያ፣ በእንድብር፣ በሆሳዕና፣ በጨንቻ፣ በጎጃም ደግሞ በጎዛምንና በባንጃ ያሉት ቀያይ አፈሮች በዚህ የታወቁ ናቸው። ብዙ ዝናብ ባለበት አገር ውሃው ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን ለብዙ ሺህ ዓመታት እያጠበ ወደ ታች ወስዶታል። በሸክላው ቅንጣት ላይ የነበረውን ቦታቸውን የያዙት ሃይድሮጂንና አሉሚኒየም ናቸው። የአፈሩ ፒ ኤች ከ5.5 እየወረደ ሲሄድ አሉሚኒየሙ በአፈሩ ውሃ ውስጥ እየሟሟ የሥሩን ጫፍ ይመርዛል። ሥሩ ሳይረዝም ይደነድናል፤ ወደ ታች ወርዶ ውሃ መፈለግ ያቅተዋል። ይኸው አሉሚኒየም ከብረት ጋር ሆኖ ፎስፈረስንም አጥብቆ ይይዛል። ገበሬው በብድር የወሰደው ማዳበሪያ ከፊሉ እዚያው አፈር ውስጥ ታስሮ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

ኖራው ሲገባ የሚሆነው ይህ ነው። የኖራ ድንጋይ ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ካርቦኔቱ የአሲዱን ሃይድሮጂን ተቀብሎ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ ጋዙ ወደ አየር ይወጣል። ካልሲየሙ በሸክላው ላይ አሉሚኒየሙ ይዞት የነበረውን ቦታ ይረከባል። አሉሚኒየሙም የማይሟሟ አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ ሆኖ ይቀመጣል። ከማሳው አልወጣም፤ ሥሩን መመረዝ ግን አይችልም፤ አፈሩ እንደገና እስኪኮመጥጥ ድረስ።

ከዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንሳሳትበት ነገር አለ። ፒ ኤች የሚባለውን መለኪያ በ1909 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሶረንሰን የተባለ ዴንማርካዊ ኬሚስት ሲሆን፣ ይሠራ የነበረውም በኮፐንሃገን በካርልስበርግ ላቦራቶሪ ነው፤ ለገብስ አፈር የምንጠቀምበት መለኪያ ከቢራ ቤት መምጣቱ ለእኔ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። መለኪያው 7 ላይ መካከለኛ ነው፤ አንድ ቁጥር ዝቅ ባለ ቁጥር አሲዱ አሥር እጥፍ ይጨምራል። ይሁን እንጂ ፒ ኤች የሚነግረን በአፈሩ ውሃ ውስጥ በዚያ ሰዓት ያለውን አሲድ ብቻ ነው። የሚበዛው አሲድ በሸክላው ላይ ተይዞ ይገኛል። የመጀመሪያው በገንዳ ውስጥ ያለ ውሃ ቢሆን ሁለተኛው ገንዳውን የሚሞላው ምንጭ ነው። ገንዳውን ብንጨልፈው ምንጩ መልሶ ይሞላዋል። ፒ ኤቻቸው 4.8 የሆነ ሁለት ማሳዎች፣ አንዱ አሸዋማ ሌላው ከባድ ሸክላ ቢሆን፣ የሚፈልጉት ኖራ በእጥፍና ከዚያም በላይ ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ በፒ ኤች ብቻ የኖራ መጠን የሚወስን ሠራተኛ በገንዳው ጥልቀት የምንጩን ጉልበት እንደሚገምት ሰው ነው። በእጅ የሚያዘው የፒ ኤች መለኪያ መሣሪያ አሲዳማውን ማሳ ለይቶ ያሳየናል፤ መጠኑን ግን አይነግረንም።

መጠኑን የሚነግረን ላቦራቶሪው ተለዋዋጭ አሲድ ብሎ የሚጽፍልን ቁጥር ነው። የሚለካውም በአንድ ኪሎ ግራም አፈር ስንት ሴንቲሞል ተብሎ ነው። ስሌቱ ማንም የሚሠራው ነው። በ15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት የአንድ ሄክታር አፈር፣ የአንድ ሊትሩ ክብደት 1.2 ኪሎ ግራም ቢሆን፣ 1,800,000 ኪሎ ግራም ይመዝናል። አንድ ሴንቲሞል አሲድ ለማምከን ግማሽ ግራም ንጹሕ ካልሲየም ካርቦኔት ይበቃል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ አንድ ሴንቲሞል በሄክታር 900 ኪሎ ግራም ማለትም 9 ኩንታል ያስፈልጋል። ውጤቱ 1 የሆነለት ገበሬ 9 ኩንታል፣ 2 የሆነለት 18 ኩንታል፣ 3 የሆነለት 27 ኩንታል ይፈልጋል ማለት ነው። ይህ ዝቅተኛው ነው፤ በማሳ ላይ መቀላቀሉ ሙሉ ስለማይሆንና ሌላም የተደበቀ አሲድ ስላለ፣ ብዙ ባለሙያዎች በአንድ ተኩል ያባዙታል። እኔ ለአንድ ወረዳ በሙሉ 20 ብዬ ስጽፍ 1 ለነበረው ገበሬ ትርፍ ሸክም አሸክሜው፣ 3 ለነበረው ደግሞ የማይበቃ ሰጥቼው ነበር። ትርፉም ያለ ጉዳት አይታለፍም፤ ከልክ በላይ ኖራ የገባበት አፈር ዚንክና ማንጋኒዝ የመሳሰሉትን ጥቃቅን ንጥረ ነገሮች ለሰብሉ ይነፍጋል።

ሁለተኛው ነገር መገናኘት ነው። ዩሪያ በውሃ ሟሙቶ ወደ ሥር ይወርዳል። የኖራ ድንጋይ ዱቄት ግን በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ 20 ሚሊ ግራም እንኳ አይሟሟም። ከወደቀበት ቦታ ብዙም አይንቀሳቀስም። አሲድ ካለበት ቅንጣት ጋር ካልተነካካ ምላሹ አይጀመርም። በገጽ ላይ የተበተነ ኖራ የላይኛውን ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ያሻሽል ይሆናል፤ ሥሩ የሚመረዘው ግን ከዚያ በታች ነው።

ከዚህ ጋር የልመቱ ጉዳይ ይመጣል። ይህንንም በእንቁላል ቅርፊት ማሳየት ይቻላል፤ ቅርፊቱ በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነውና። የአንድ እንቁላል ቅርፊት ግማሹን በሙቀጫ እንደ ዱቄት ወቅጦ፣ ግማሹን እንዳለ ትቶ፣ በሁለት ብርጭቆ አቼቶ ውስጥ መጨመር ነው። ዱቄቱ ወዲያው አረፋ እያወጣ ይፈላል። ያልተፈጨው ጥቃቅን አረፋ ብቻ እያሳየ እስከ ማግስቱና ከዚያም በላይ ይቆያል። ክብደታቸው አንድ ነው፤ የሚሠሩበት ፍጥነት ግን የትየለሌ። በማሳም ላይ እንዲሁ ነው። ከሩብ ሚሊ ሜትር የሚያንስ ቅንጣት በአንድ ወቅት ውስጥ ሥራውን ይሠራል፤ ከሁለት ሚሊ ሜትር የሚበልጠው ግን ገበሬው በሚጠብቀው ጊዜ ውስጥ የሚሠራው ከቁጥር አይገባም። ድንጋይ ሆኖ መጥቶ ድንጋይ ሆኖ ይቀመጣል።

የኅብረት ሥራ ማኅበራት መሪዎች ከሁሉ በላይ ይህን እንዲያጤኑት እፈልጋለሁ። ኖራ የምትገዙት በኩንታል ነው፤ መግዛት ያለባችሁ ግን አሲድ የማምከን አቅም ነው። አቅሙ 90 በመቶ የሆነና ከመቶው 90 እጁ የላመ ኖራ 100 ኩንታል ብትገዙ፣ የሚሠራላችሁ 81 ኩንታል ያህል ነው። አቅሙ 70 በመቶ የሆነና ግማሹ ኮረት የሆነ ኖራ 100 ኩንታል ብትገዙ፣ በቶሎ የሚሠራላችሁ 35 ኩንታል ነው። የመኪናው ኪራይ ለሁለቱም አንድ ነው። ኖራ ከዋጋው ይልቅ ማጓጓዣው የሚከብድ ዕቃ በመሆኑ፣ ርካሹን ኖራ ከሩቅ ማስመጣት ብዙ ጊዜ ከሁሉ የሚወደደው ግዢ ነው። ስለዚህ በውሉ ውስጥ የማምከን አቅሙና የልመቱ መጠን በቁጥር ይጻፍ፤ ከመራገፉ በፊትም ከተለያዩ ከረጢቶች ናሙና ይወሰድ። ሻጩ ይህን ሲሰማ ቅር ቢለው የሚያስገርም አይሆንም።

ነጭ ዱቄት ሁሉም ኖራ እንዳልሆነ መታወቅ አለበት። በዓባይ ሸለቆ ውስጥ የኖራ ድንጋይም የጂፕሰም ድንጋይም ይገኛል። ሁለቱም ሲፈጩ ነጭ ናቸው፤ በሁለቱም ውስጥ ካልሲየም አለ። ነገር ግን ጂፕሰም ካልሲየም ሰልፌት ነው። ሰልፌት የኃይለኛ አሲድ ትራፊ ስለሆነ የሃይድሮጂን አዮንን መልሶ ለመቀበል ፈቃደኛ አይደለም፤ ካርቦኔት ግን የደካማ አሲድ ወገን በመሆኑ በቀላሉ ይቀበላል። ጂፕሰም አሲድ አያመክንም። ጥቅም የለውም ማለቴ አይደለም፤ በአዋሽ ሸለቆ እንደ አሚባራ ባሉ ቦታዎች በሶዲየም ለተበላሸ አፈር መድኃኒቱ እሱ ነው፤ ያ ግን የዚህ ተቃራኒ በሽታ ነው። መለያው ቀላል ነው፤ በማንኪያ ዱቄት ላይ የሎሚ ጭማቂ ወይም አቼቶ ጠብ ሲደረግ ኖራው አረፋ ያወጣል፤ ጂፕሰሙ ዝም ይላል። የተቃጠለ ኖራ፣ ማለትም ግድግዳ የሚቀባበት ዓይነት፣ ትኩስ ከሆነ አረፋ ሳያወጣ ቢቀር ኖራ አይደለም አይባልም። እንዲያውም ይበረታል፤ 56 ኪሎ ግራም ውሃ ያልነካው ወይም 74 ኪሎ ግራም ውሃ የጠጣ የተቃጠለ ኖራ የ100 ኪሎ ግራም የድንጋይ ዱቄት ሥራ ይሠራል። ዳሩ ግን ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል፤ በባዶ እጅ የሚበተን ነገር አይደለም።

የጊዜውን ነገር በአጭሩ ልናገር። አሲዱና ኖራው በአፈር ውስጥ ተፈላልገው እስኪገናኙ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል፤ እርጥበትም ያስፈልጋል። ስለዚህ ኖራ መግባት ያለበት ከዘር አንድ ወር፣ ቢቻል ሁለት ወር ቀድሞ፣ በበልጉ እርጥበት ነው። የእኛ ገበሬ ማሳውን ደጋግሞ ማረሱ እዚህ ላይ ጥቅም ይሆነዋል። ግማሹን ከመጀመሪያው እርሻ በፊት፣ ግማሹን ከሁለተኛው በፊት በትኖ፣ መስቀለኛ አድርጎ ቢያርስ፣ ማረሻችን በሚደርስበት ጥልቀት ከዚህ የተሻለ መቀላቀያ የለም። በሐምሌ የደረሰ ኖራ ለዚያ ዓመት ገብስ ዘግይቷል። ማኅበሩ በደረቅ ቦታ ሸፍኖ ለሚቀጥለው ዓመት ቢያቆየው ምንም አይጎድልበትም፤ ኖራ እንደ ማዳበሪያ አይበላሽም።

በመጋዘን ግን ከዳፕና ከዩሪያ ጋር አይደባለቅ። ምክንያቱ እንደገና ያው የአሲድና የቤዝ ነገር ነው። በዳፕ ውስጥ ያለው አሞኒየም ደካማ አሲድ ነው፤ ቤዝ ሲያገኘው ሃይድሮጂኑን ይሰጥና አሞኒያ ጋዝ ሆኖ ይሄዳል። በተቃጠለ ኖራ ደግሞ ይህ ፈጣን ነው። ያ አፍንጫ የሚሰረስር ሽታ የገበሬው ናይትሮጂን ሲተንን ነው።

አሁን የማይወደድ ነገር መናገር አለብኝ። የምናከፋፍለው ማዳበሪያ ራሱ አፈሩን ያኮመጥጣል። ዩሪያ በአፈር ውስጥ ወደ ናይትሬት ሲለወጥ አሲድ ይወለዳል። በተለመደው ስሌት ለአንድ ኪሎ ግራም ናይትሮጂን 1.8 ኪሎ ግራም ካልሲየም ካርቦኔት የሚያመክነው አሲድ ይተርፋል። በአንድ ኩንታል ዩሪያ ውስጥ 46 ኪሎ ግራም ናይትሮጂን ስላለ፣ አንድ ኩንታል ዩሪያ ወደ 83 ኪሎ ግራም ኖራ ይበላል ማለት ነው። በየዓመቱ በሄክታር ሁለት ኩንታል የሚጠቀም ገበሬ በአምስት ዓመት ውስጥ ከ8 ኩንታል በላይ የኖራ ዕዳ ይገባል፤ ይህንንም በየትኛውም የብድር ደረሰኝ ላይ አልጻፍንለትም። ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም፤ በእንግሊዝ አገር በሮትሃምስቴድ ከ1856 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚካሄደው የሣር ሙከራ፣ አሞኒየም ሰልፌት እያገኘ ኖራ ያልገባበት መደብ ምን ያህል እንደ ኮመጠጠ ከታወቀ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ዩሪያ ይቅር አልልም፤ ያለ ናይትሮጂን ገብሱም ስንዴውም አያፈራም። ነገር ግን የዩሪያን ዕዳ የማያስብ የኖራ ዕቅድ አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የሚረሳ ስጦታ ይሆናል። ጭዱም ከማሳ ወጥቶ፣ ኩበቱም በምድጃ ተቃጥሎ፣ ሰብሉ ከአፈር የወሰደው ካልሲየምና ፖታሲየም ወደ ማሳው ሳይመለስ ይቀራል። የጓሮው አፈር ከሩቁ ማሳ የተሻለ የሆነው እናቶች የምድጃውን አመድ ሲጥሉበት ስለ ኖሩ ጭምር ነው። አመድ ከኖራ የደከመ ቢሆንም ቤዝ ነው፤ በጓሮ ላይ ብቻ ሳይሆን በቅርቡ ማሳም ላይ ቢውል ተገቢ ነው።

ኖራ በሙሉ መጠን የማይደርሳቸው ማኅበራት ጥቂቱን በዘር መስመር ውስጥ ብቻ ይጨምሩ የሚል ምክር አለ። አልቃወመውም፤ ግን ስሙ በትክክል ይጠራ። በመስመር የገባ ጥቂት ኖራ የሚያመክነው ቡቃያው በመጀመሪያ ሥር የሚሰድበትን ጠባብ ቦይ ብቻ ነው። ለድሃ ገበሬ ያ ቦይ የአንድ ዓመት እንጀራ ሊሆን ይችላል። ማሳው ግን ታክሟል አይባልም፤ በሪፖርታችንም ላይ በኖራ የታከመ ሄክታር ተብሎ መቆጠር የለበትም።

በአዊ፣ በተለይ በፋግታ ለኮማ፣ ገበሬዎች የደከመውን መሬት ለዲከረንስ ሰጥተው ከሰል እየሸጡ ይኖራሉ። ይህን ስንፍና የሚሉ ባልደረቦች ገጥመውኛል። እኔ እንደዚያ አላይም። ገብስ በማይሰጥ መሬት ላይ የሚሰጠውን መፈለግ ሒሳብ ማወቅ ነው። ባሕር ዛፍ የተከሉት አዛውንትም ሒሳባቸው ትክክል ነበር፤ የተሳሳተው የእኔ ነው። ወደ ገብስና ወደ ባቄላ እንዲመለሱ የምንፈልግ ከሆነ፣ ለእሳቸው ማሳ የተሠራ ቁጥር ይዘን መሄድ ይጠበቅብናል።

ለዚህም ናሙና የሚነሣው አሁን ሰብሉ ከተነሣ በኋላ፣ በታኅሣሥና በጥር ነው። ውጤቱ በየካቲት ከደረሰ ኖራው በመጋቢትና በሚያዝያ ማሳ ላይ ሊደርስ ይችላል። ከአንድ ዓይነት ማሳ ውስጥ በዚግዛግ እየተሄደ ከ15 እስከ 20 ቦታ፣ ከገጽ እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት አፈር ይወሰድ። በንጹሕ ባልዲ ተደባልቆ አንድ ኪሎ ግራም ያህል ይቀመጥ፤ ማዳበሪያ የነበረበት ባልዲ ወይም ከረጢት አይሁን። ኩበት ከተጣለበት፣ አመድ ከፈሰሰበት፣ ከሰል ከከሰለበት፣ ከብት ካደረበት ቦታ አይወሰድ፤ ተዳፋቱና ሜዳው፣ ቀዩና ጥቁሩ አፈር ለየብቻ ይነሡ። በጥላ ሥር ደርቆ በከረጢት ሲታሰር፣ የገበሬው ስም፣ የቀበሌው ስም፣ የማሳው መጠሪያ፣ ባለፉት ሁለት ዓመታት የተዘራበት ሰብልና የተጨመረው ማዳበሪያ በእርሳስ በወረቀት ተጽፎ አንዱ ከውስጥ አንዱ ከውጭ ይቀመጥ። በላቦራቶሪው መጠየቂያ ላይ ፒ ኤች ብቻ ሳይሆን ተለዋዋጭ አሲድም እንዲለካ በግልጽ ይጻፍ፤ ካልተጻፈ ብዙ ጊዜ የሚመለሰው ፒ ኤቹ ብቻ ነው።